ሞጣ፣ ሰባራ ድልድይና መርጡለ ማርያም፦ ጥር ላይ ለመሄድ አስበናል፣ የምታውቁ ምከሩን

የማርቆሷ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ጥር ላይ እናቴና ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፤ እነሱን ይዤ ወደ ሞጣ በኩል መሄድ እፈልጋለሁ። ስለ ባሕር ዳርና ስለ ጢስ ዓባይ ብጠይቅ መልስ የሚሰጠኝ ሞልቷል። በዚህ በምሥራቁ በኩል ስላለው ግን፣ ብቸና፣ ደብረ ወርቅ፣ ጉንደ ወይን፣ ሞጣ፣ መርጡለ ማርያም፣ የዓባይን ሸለቆ ዳር ዳሩን ይዞ ስለሚሄደው አገር፣ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ሆኖ ወሬው እንኳ በቅጡ አይገኝም። ይህ ነገር ያንገበግበኛል።

ወንድሜ ዓባይ ላይ ያለውን የጥንቱን የድንጋይ ድልድይ፣ ሰባራ ድልድይን፣ ሳላይ አልመለስም ብሎ ሙጭጭ ብሏል። እናቴ ጤነኛ ናት፣ ግን ስልሳን አልፋለች። የእሷ ልብ ያለው መርጡለ ማርያምና ዲማ ጊዮርጊስ ላይ ነው። እኔ ደግሞ አንድ የቅኔ ጉባኤ ቤት ቁጭ ብዬ መስማት እመኛለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስለ ጎጃም ቅኔ ሲወራ እሰማለሁ፤ ቅኔ ሲዘረፍ ግን ቆሜ አይቼ አላውቅም።

እና ጥያቄዬ ይኸው። ሁሉንም በአንድ ጉዞ ማየት ይቻላል? እናቴ ወደ ድልድዩ መውረድ ትችላለች? ማደሪያችንን የት ብናደርግ ይሻላል? ጉባኤ ቤት ሴት ገብታ መቀመጥ ትችላለች? ሐሳባችን ፎቶ ተነስቶ መመለስ አይደለም። ታሪኩ ገብቶን መመለስ ነው የምንፈልገው።

የሞጣ ልጅ

እታለም፣ እንኳን አሰብሽው። ሞጣን ለማየት ብሎ የሚመጣ ሰው ማግኘት ለእኛ ደስታ ነው፤ ብዙው ሰው ምሳ በልቶ ነው የሚያልፋት።

መጀመሪያ የመንገዱን ነገር ልንገርሽ። ከመነሳታችሁ በፊት እዚያው የሚኖር ሰው ጋ ደውላችሁ ሰላሙን ጠይቁ። ለማስፈራራት አይደለም። ያለንበትን ጊዜ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ መንገድ ዛሬ ክፍት ሆኖ ነገ ሊዘጋ ይችላል። በቀን ብቻ ተጓዙ፣ መሸት ሲል ከተማ ግቡ። አገሬው «ዛሬ አትሂዱ» ካላችሁ አትከራከሩ።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ ማደሪያችሁን ሞጣ አድርጉት። ከተማዋ ደጋ ላይ ናት፣ ማታ ይበርዳል፣ ለእናትሽ ጋቢ ያዢላት። ሆቴሎቹ ቀለል ያሉ ናቸው። ንጹሕ አልጋ፣ ትኩስ ሽሮና ጥሩ ቡና ከበቃችሁ አትቸገሩም። ስትደርሱ ገበያው የሚውልበትን ቀን ጠይቁና አንዱን ቀናችሁን ከእሱ ጋር አጋጥሙት። ከቆላው ወጥቶ፣ ከደጋው ወርዶ የሚገናኘውን ሕዝብ የምታዩት እዚያ ነው። ማሩ፣ ቅቤው፣ ጤፉ፣ ጌሾው አንድ ላይ ይቀርባል። ሞጣ ለምን ከተማ እንደሆነች ገበያው ራሱ ይነግራችኋል።

ታሪኩ ይግባን ካላችሁ ግን ከሞጣ ጊዮርጊስ ጀምሩ። ደብሩን የተከለችው ወለተ እስራኤል ናት፤ የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ። ከጎንደር ቤተ መንግሥት ወጥታ የጎጃሙን ደጃዝማች ዮሴዴቅን አገባች፣ ራስ ኃይሉን የወለደችው ከእሱ ነው። እኛ ጎጃምና ጎንደር ብለን ለሁለት እንከፍለዋለን እንጂ በዚያ ዘመን ሁለቱ ቤቶች በጋብቻ የተሳሰሩ ነበሩ። ሰውና ዕቃ ከዓባይ ወዲህና ወዲያ ይመላለስበት ከነበረው መንገድ አንዱ ደግሞ በሰባራ ድልድይ በኩል የሚያልፈው ነው። ስለዚህ ደብሩን ሳያዩ ድልድዩን ማየት ታሪኩን ከመሐል መጀመር ነው የሚሆንባችሁ።

ድልድዩ ራሱን የቻለ የአንድ ቀን ጉዞ ነው። አፋፉ ድረስ ሄዳችሁ ከዚያ በእግር ወደ ቆላ ትወርዳላችሁ። ቁልቁለቱ ያታልላል። ሲወርዱ ሁሉም ሰው ይስቃል፣ ይጫወታል። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣና አቀበቱ ፊታችሁ ሲገተር ግን ወሬው ሁሉ ያልቃል። ደጋው ላይ ጋቢ ለብሰሽ ወጥተሽ ታች ስትደርሺ ሸሚዝሽ ይከብድሻል፤ የዓባይ ቆላ ሙቀት እንዲያ ነው። ለእናትሽ አልመክርም፣ በግልጽ ልንገርሽ። በቅሎ ተከራይቶ የሚሆን ነገርም አይደለም፤ ቁልቁለት ላይ በቅሎ መቀመጥ ለለመደ ሰው እንኳ ያስፈራል። እሷ ከአፋፉ ላይ ሆና ሸለቆውን ትየው። ከዚያ ላይ ራሱ የሚታየው ትንሽ አይደለም። ማዶ ያለው አገር ተራራው ተደርድሮ፣ ከሥር ዓባይ እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል። ወንድምሽና አንቺ ግን ውረዱ። በማለዳ፣ ከአገሬው ልጅ ጋር፣ ውኃ በደንብ ይዛችሁ።

ከእስቴ ማዶ

እኔ ከማዶ ነኝ፣ ከእስቴ በኩል። ሁልጊዜ ስለ ድልድዩ ሲወራ ከጎጃም በኩል ብቻ ስለሚወራ አንድ ነገር ልጨምር።

ድልድዩ የተሰበረው በጣልያን ጊዜ ነው። አርበኞች ጠላት እንዳይሻገር ብለው ከቅስቶቹ አንዱን አፈረሱት። ይህን ሁሉም ሰው ይናገራል፤ ትክክልም ነው። የማይነገረው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጣልያን ወጣ፣ ድልድዩ ግን እንደተሰበረ ቀረ። ሕዝቡ ዘመዱም ገበያውም ከማዶ ነውና መሻገር አላቆመም። ሰውዬው ገመዱን ወገቡ ላይ ያስራል፤ በዚህኛው ስብራት ጫፍ ላይ የቆሙት ቀስ እያሉ ይለቁታል፣ በዚያኛው ጫፍ ያሉት ይስቡታል፣ ከሥሩ ዓባይ ይጮኻል። ለገበያ የሚወስደው እህል እንዲሁ በገመድ ነበር የሚሻገረው። ይህ ለሃምሳና ስልሳ ዓመት የቆየ ኑሮ ነው። አባቶቻችን እንዲህ ተሻግረው ነው ሚስት ያገቡት፣ ለቅሶ የደረሱት።

በኋላ እ.ኤ.አ. በ2002 ስብራቱ በብረት ተጠገነ። ሰው ተደሰተ፣ ከብት ሁሉ መሻገር ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ክረምት ላይ ዓባይ ሞልቶ ብረቱን ይዞት ሄደ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2009 ከጥንቱ ከፍ ብሎ በሽቦ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ስትወርዱ ሁለቱን አንድ ላይ ታያላችሁ፤ የፋሲልን ዘመን ድንጋይና የዘመናችንን ሽቦ። እንግዳ ሁሉ የድንጋዩን ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። እባካችሁ በተንጠልጣዩ ተሻገሩና ማዶ ላይ ትንሽ ቁጭ በሉ። የሚመጣውን የሚሄደውን ሰው አናግሩት። አህያ ጭኖ ከቆላ የሚወጣ ሽማግሌ ስታገኙ «እንዴት ዋሉ» ብላችሁ ካስቆማችሁት በገመድ የተሻገረበትን ቀን ራሱ ይነግራችኋል። የትም መጽሐፍ ላይ አታገኙትም።

መምህር ጡረታ

ልጄ፣ ታሪክ ሳስተምር ዕድሜዬን የጨረስኩ ሰው ነኝና ስለ ድልድዩ ትንሽ ልበልሽ። እዚያ ስትደርሱ አስጎብኚ ነኝ የሚል ልጅ «ይህ የፖርቱጋሎች ድልድይ ነው» ይላችኋል። አትቀበሉት።

ሁለት ድልድዮች ናቸው የሚምታቱት። አንደኛው ጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይ ነው። እሱ የተሠራው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1626 ነው። በዓባይ ላይ በድንጋይ የተሠራ የመጀመሪያው ድልድይ ነው። በዚያን ጊዜ የኢየሱሳውያን ማኅበር ሚሲዮናውያን በቤተ መንግሥት ተሰሚነት ነበራቸው። ድንጋይን በኖራ ማያያዝም በዚሁ ዘመን ነው የተለመደው፤ ዕውቀቱን ይዘው የመጡት ከሕንድ የመጡ ባለሙያዎች ናቸው። ሁለተኛው የእናንተ ሰባራ ድልድይ ነው። እሱ የአፄ ፋሲል ዘመን ሥራ ነው፣ እ.ኤ.አ. 1660 አካባቢ። ፋሲል ነግሦ መጀመሪያ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ ሚሲዮናውያኑን ከአገር ማስወጣት ነው። ከወጡ ሩብ ምዕት ዓመት ያህል አልፎ የተሠራን ድልድይ ለእነሱ መስጠት እንዴት ይሆናል? የሠራው የራሳችን ሰው ነው። ዕውቀቱ ከውጭ መጣ፣ አገሬው ግንበኛ ተማረው፣ አስተማሪዎቹ ሄደው እንኳ ሥራው አልቆመም። የጎንደር ግንቦችም የዚሁ ማስረጃ ናቸው። እኔን የሚያኮራኝ ይኼ ነው። «ፖርቱጋሎች ሠሩት» ስንል ግን የእነዚያን ግንበኞች ድካም በአንዲት ቃል እንሰርዛለን።

ወንድምሽ ታች ሲወርድ የቅስቱን ሥር ጠጋ ብሎ ይይ። ድንጋዮቹ በመጠን የተለያዩ ናቸው፤ በቅስቱ ጠርዝ ላይ የተደረደሩት ግን ተለክተው የተጠረቡ ናቸው። በመካከላቸው ያለውን ነጭ ኖራ በጣቱ ይንካው። ሦስት መቶ ስልሳ ዓመት ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ ሲገርፈው ኖሮ ዛሬም ጥፍር አያስገባም። የተሰበረውም በሰው እጅ እንጂ በውኃ አይደለም።

የመርጡለዋ

እኔ ደግሞ ስለ አገሬ ካልተናገርኩ አላስችል አለኝ። እናትሽ ትክክል ናት፤ መርጡለ ማርያምን ከጉዞው አታስቀሪ። ከሞጣ ወደ ጉንደ ወይን ትመጡና ከዚያ ትገነጠላላችሁ። ለእናትሽ ከድልድዩ በጣም ይቀላል፤ መኪናው ከተማ ድረስ ይገባል።

በአባቶች ትውፊት መርጡለ ማርያም በአብርሃና አጽብሓ ዘመን የተተከለች፣ ከአክሱም ጽዮን ቀጥላ ሁለተኛ ናት። በታሪክ ግን ስሟ ከእቴጌ እሌኒ ጋር የተያያዘ ነው። እሌኒ የሐድያ ገራድ፣ ማለትም የሐድያ ገዢ፣ ልጅ ናት። በዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ ቤተ መንግሥት ገብታ እስከ ልብነ ድንግል ዘመን ድረስ አገር በማስተዳደር የኖረች ሴት ናት። ልብነ ድንግል ገና ልጅ ሆኖ ሲነግሥ ሞግዚት ሆና አገሩን ያዘች፤ ማቴዎስ የሚባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል የላከችውም እሷ ናት። ጎጃም ውስጥ ርስት ነበራት፣ መርጡለ ማርያም ላይም ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አሠራች። በግራኝ ጦርነት ተዘርፎ ተቃጠለ። በሱስንዮስ ዘመን ደግሞ ሚሲዮናውያኑ በዚያው ቦታ እንደገና ሠሩት። (ለመምህር ጡረታ፦ ይኸኛውን እንኳ ልንሰጣቸው ግድ ነው።)

አሁን ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የሚታየው ፍራሽ ነው። ፍራሽ ስል ድንጋይ ክምር እንዳይመስልሽ። ግድግዳው ቆሟል። ድንጋዩ ላይ አበባ ተፈልፍሏል፣ በክብ በክብ፣ እያንዳንዱ ቅጠል ተለይቶ ይታያል። ከሥሩ ሐረግ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ልጅ ሆነን እናቶቻችን ቅዳሴ ሲያስቀድሱ እኛ ያንን አበባ በጣታችን እየተከተልን ነው ያደግነው። ጠዋት ፀሐይ በጎን ሲመታው ጥላው ስለሚያርፍበት ቅርጹ በደንብ ይወጣል፤ እኩለ ቀን ላይ ከሄዳችሁ ግማሹ አይታያችሁም። ስለዚህ ከተማው ውስጥ አድራችሁ ጠዋት ግቡ።

ዕቃ ቤቱን ለማየት አስተዳዳሪውን ቀድሞ ማነጋገር ያስፈልጋል። ከወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሰው ይዛችሁ ብትሄዱ ይቀላል። ቁልፉ አንድ ሰው ጋ አይደለም የሚቀመጠው። አባቶች ተሰብስበው ነው የሚከፍቱት፤ ብትጠብቁ አይክፋችሁ። ከእነዚህ አገሮች ብዙ ቅርስ በሌባ ወጥቷል፣ ጥንቃቄው ለዚያ ነው። ነጠላ አትርሺ፣ ለወንድምሽም ጭምር።

የዋሸራ ደቀ መዝሙር

እህቴ ስለ ቅኔ ቤት የጠየቅሽውን ማንም አልመለሰልሽምና እኔ ልሞክር።

መጀመሪያ ይህን እወቂ። ጉባኤ ቤት የሚጎበኝ ቦታ አይደለም፣ ትምህርት ቤት ነው። እንግዳ ይቀበላል፣ በጣምም ያከብራል፣ ግን ለእንግዳ ተብሎ የሚደረግ ነገር የለም። ሴት መምጣቷ ችግር የለውም። አንዳንድ ገዳም ግን ሴት የማትገባበት ክልል ስላለው በር ላይ ያሉትን ጠይቂ፣ ቅር አይበልሽ። ተማሪን አልፈሽ ወደ የኔታ አትሂጂ። ተማሪው ይነግርልሻል፣ እሳቸው ሲፈቅዱ ትገቢያለሽ። ገብተሽ እጅ ነስተሽ፣ ተባርከሽ፣ ከተሰጠሽ ቦታ ቁጭ በይ።

ጎጃም ቅኔን ሁለት ቤት አድርጎ ይዞታል፣ ዋሸራና ጎንጅ። ሦስተኛው ዋድላ ወሎ ነው። አካሄዳቸው ይለያያል፤ የዋሸራ ተማሪና የጎንጅ ተማሪ ሲገናኙ የሚከራከሩት ክርክር ለሊቱን ያነጋል። እናንተ በምትሄዱበት መስመር ዲማ ጊዮርጊስ አለ፣ አባ ተከስተ ብርሃን የመሠረቱት። ከብቸና ከተማ ተገንጥላችሁ ነው የምትሄዱት። ደብረ ወርቅ ማርያምም መንገዳችሁ ላይ ናት። እዚያ ወንጌላዊው ሉቃስ የሣላት የምትባል የእመቤታችን ሥዕል አለች፤ እናትሽ ስሟን ሰምታ ይሆናል።

አሁን ምን እንደምታዪ ልንገርሽ። ተማሪው ቀን ቀን ለብቻው ነው። ከዛፍ ሥር፣ ከአጥር ጥግ፣ ደበሎውን ወይ ጋቢውን ራሱ ላይ ጥሎ ይቀመጣል። የተኛ ይመስልሻል። አልተኛም፣ ቅኔ እየቆጠረ ነው። በቃሉ ነው የሚሠራው። ወረቀት የለም፣ እርሳስ የለም። ቤት መምታት አለበት፣ ልኩ መግጠም አለበት፣ ግእዙ ሳይሳሳት ሰሙና ወርቁ መስማማት አለበት። ጀማሪው በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ከዚያ ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ፣ ዋዜማ እያለ ሲያድግ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። መወድስ የሚሞላ ልጅ በመንደሩ ይታወቃል። ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ ቅኔውን ይነግራል። የኔታ ብዙ ጊዜ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚሰሙት። ልጁ ሲሳሳት ጭንቅላታቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ፣ እሱ ያውቃል። ጥሩ ሲሆን «ይበል» ይባላል። ያቺን «ይበል» ለመስማት ስንት ቀን ጾሜን እንዳደርኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ማታ ደግሞ የግእዝ ሰዋስው ትምህርቱ፣ ግሱ፣ እርባ ቅምሩ፣ አገባቡ ይቀጥላል። ጨለማ ውስጥ ነው ድምፁ የሚሰማሽ። ስለዚህ መሄድ ያለብሽ ከሰዓት በኋላ ነው፣ የኔታ ተማሪ በሚሰሙበት ሰዓት። ጠዋት ከሄድሽ ልጆቹን አታገኚያቸውም፣ ለልመና ወጥተዋል። አኩፋዳ ትከሻው ላይ፣ ዱላ በእጁ፣ በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የዕለቱን ቁራሽ ይሰበስባል። የአገሩ ውሻ ደግሞ ተማሪ ማሳደድ ይወዳል፤ ሁላችንም እግራችን ላይ ጠባሳ አለን። ይህን የምነግርሽ እንድታዝኚ አይደለም። ልጁ ተርቦ የሚማረው ድሃ ስለሆነ ብቻ እንዳይመስልሽ። የባለ ርስት ልጅም ከቤቱ ጠፍቶ መጥቶ እንዲሁ ነው የሚማረው። ሥርዓቱ ነው፤ እኩል ያደርጋቸዋል።

ካሜራ አውጥተሽ ፊታቸው ላይ አትደቅኚ። ልጅ ሲማር ፎቶ ሲነሳ ይሸማቀቃል፣ ቅኔውም ይጠፋዋል። የምትሰጪው ካለሽ ለአንድ ልጅ አትስጪ፣ የኔታ እጅ ላይ አድርጊው። ሳሙና፣ በሶ፣ የሸራ ጫማ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የባትሪ መብራት ይፈለጋል። ገንዘብም ነውር የለውም።

ሾፌር ነኝ

በዚህ መንገድ ስመላለስ ነው የኖርኩት። ሁላችሁም የምትሉት ትክክል ነው፣ ግን ቅደም ተከተሉን ማንም አልነገራትም።

እናትና ወንድምሽ ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ድረስ መጥተው ከአንቺ ጋር ተመልሰው ወደ ደጀን መውረዳቸው ትርፍ ድካም ነው። ወደ ብቸና የሚገነጠለው ከደጀን ነው። እነሱ ከአዲስ አበባ ይነሱ፣ በጎሐ ጽዮን የዓባይን በረሃ ይውረዱ፣ ደጀን ላይ ይውረዱና አንቺ በሉማሜ በኩል መጥተሽ ተገናኙ። በረሃውን በቀን ማለፋቸውም ጥሩ ነው። እናትሽ በመስኮት በኩል ትቀመጥ። ታች ሲደርሱ ሁለት ድልድይ ያያሉ፣ አሮጌውና አዲሱ የሕዳሴ ድልድይ፣ ያ በሽቦ የተወጠረው። ርዝመቱ 303 ሜትር ነው። ወንድምሽ ድልድይ የሚወድ ከሆነ እንግዲህ ዓባይን በዘመናዊው ጀምሮ በፋሲሉ ይጨርሳል።

ከደጀን ብቸና፣ ከብቸና ዲማ። እዚያ ከሰዓቱን አሳልፋችሁ ብቸና እደሩ። በማግስቱ ደብረ ወርቅ፣ ጉንደ ወይን፣ ከዚያ ተገንጥላችሁ መርጡለ ማርያም። እዚያ አድራችሁ ጠዋት ፍራሹን ካያችሁ በኋላ ወደ ሞጣ። ሞጣ ሁለት ሌሊት ያዙ፣ አንዱ ቀን ሙሉ ለድልድዩ። ሞጣን መጀመሪያ አድርጋችሁ ከወረዳችሁበት ድካም በኋላ ሌላውን አታዩትም፣ እግራችሁ እምቢ ይላል። ከሞጣ በአዴት አድርጋችሁ ባሕር ዳር ትወጣላችሁ፤ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እናትሽን ከዚያ በአውሮፕላን ብትሸኚያት ያንን መንገድ ሁሉ ደግማ አትመለስም።

ሚኒባስ ከምትጋፉ እናት ካለች መኪና መከራየት ይሻላል። ወደ ዲማና ወደ መርጡለ ስትገነጠሉ ከፍ ያለ መኪና ይሁን። ነዳጅ ባገኛችሁበት ሙሉ፤ «ቀጥሎ ያለው ከተማ እንሞላለን» አትበሉ። ጥሬ ብርም ያዙ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ በስልክ መክፈል የለም።

የማርቆሷ

ምን ብዬ እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። መምህር፣ እርስዎ የጻፉትን ለወንድሜ አነበብኩለት፣ አሁን ድልድዩን ሳይሆን ኖራውን ካልነካሁ እያለ ነው። የመርጡለዋ፣ እናቴ ስለ እሌኒ ስትሰማ «እንግዲያው እዚያ ሁለት ቀን ነው የምቀመጠው» አለች። ደጀን ላይ መገናኘቱንም ተስማምተናል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ጥምቀትን የት ብንሆን ይሻላል? ሞጣ ወይስ መርጡለ? እና እኔና ወንድሜ ስንወርድ እናቴን ሞጣ ብቻዋን ትቻት መሄድ አልፈልግም፣ አፋፉ ላይም ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ልትቀመጥ አትችልም።

የመርጡለዋ

ጥምቀትን መርጡለ ማርያም ዋሉ፣ የአገሬ ስለሆነ አይደለም። ትንሽ ከተማ ስለሆነ እናትሽ በሰው አትጋፋም። ከተራ ዕለት፣ ጥር 10 ከሰዓት፣ ታቦቱ ሲወርድ ድረሱ፤ ሌሊቱን ካህናቱ ከታቦቱ ጋር ያድራሉ፣ ማኅሌቱንም ትሰማለች። ቤታችን ታርፋለች፣ ሆቴል አትፈልጉ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

የሞጣ ልጅ

ስለ እናትሽ አታስቢ። እኔ አሁን የምኖረው ባሕር ዳር ነው፣ እናቴ ግን ሞጣ አለች። እናንተ በማለዳ ስትወርዱ የእኔ እናት ሞጣ ጊዮርጊስ ይዛት ትሄዳለች፣ ከዚያ ቤት ገብተው ቡና ይጠጣሉ። እስክትመለሱ የሁለቱ ወሬ አያልቅም። የምትወርዱበትን ቀን ቀድመሽ ብቻ አሳውቂኝ፤ ወደ ድልድዩ የሚመራችሁን የአክስቴን ልጅ ከሥራው አስፈቅደዋለሁ፣ ቆላውን እንደ እጁ መዳፍ ያውቀዋል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት በፊት እንድትነሱ። ውኃ ለአንድ ሰው ከሦስት ሊትር እንዳያንስ፣ ዳቦና ቆሎ ያዙ፤ ወንድምሽ ደግሞ አዲስ ጫማ አድርጎ እንዳይመጣ ንገሪው።